ከጨረር ሕክምና በኋላ አፍ ሲደርቅ፦ ውኃ ለምን አይበቃም?

ድድ_ጠባቂ
ይህ ጥያቄ በየክሩ ሥር እየተበተነ ስለሚነሣ አንድ ቦታ እንሰብስበው። የጉሮሮ፣ የምላስ ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያለ ካንሰር ኖሮበት ጨረሩን የጨረሰ ሰው «ውኃ ከእጄ አይለይም፤ አፌ ግን እንጨት ሆኗል» ይላል። አስታማሚውም ሌላ ሊትር ይቀዳለታል። ታማሚው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል፤ አፉ እንደሆነ እንደደረቀ ነው።

ምራቅ ውኃ አይደለማ። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያመነጫል። አብዛኛው ውኃ ቢሆንም ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በውስጡ ያሉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ የሚያለሰልሰው ዝልግልግ ፕሮቲን፣ አሲድ የሚያበርደው ባይካርቦኔት፣ የጥርስን ገጽ መልሰው የሚያጠነክሩት ካልሲየምና ፎስፌት፣ ፈንገስና ባክቴሪያን የሚገቱ ፕሮቲኖች። ውኃ ፉት ሲባል አፍ ይርሳል፣ ወዲያው ተውጦ ይሄዳል፤ የሚይዘው የለም። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ደግሞ ያችን የቀረችውን ጥቂት ዝልግልግ ምራቅም አጥቦ ይወስዳታል።

ውኃ ይቅር ማለቴ አይደለም። በጥቂቱ ፉት ማለት ያስፈልጋል፤ በተለይ ምግብ ላይ። ግን ዋናው አደጋ ጥማት ሳይሆን ጥርስ ስለሆነ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ጨረሩና ስለ መድኃኒቱ የምታውቁ ጻፉልን። «እግዜር ይማርልን» የሚለውን በሆዳችን ይዘን እዚህ ቁጥርና አሠራር ብንጽፍ ይጠቅማል።

የጨረር_ክፍል
ከዕጢዎቹ ልጀምር። ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው። ከጆሮ ሥር ያለው ፓሮቲድ ስናኝክ ቀጭንና ውኃማ ምራቅ ያፈስሳል። ከመንጋጋ ሥር ያለው ምንም ሳንበላ አፋችንን አርጥቦ የሚያቆየውን አብዛኛውን ምራቅ፣ 60 በመቶ ገደማ፣ ይሰጣል። ሦስተኛው ከምላስ ሥር ነው። ጨረር ቀድሞ የሚጎዳው ቀጭኑን ምራቅ የሚሠራውን ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፍ ከመድረቁ በፊት እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ወፍራም ነገር የሚሞላው ለዚህ ነው፤ ቀጭኑ ጠፍቶ ወፍራሙ ብቻውን ይቀራል።

የተለመደው ሙሉ መጠን 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ በ35 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ7 ሳምንት ይሰጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 60 ግሬይ በ30 ጊዜ ነው። ፓሮቲድ የሚያገኘው አማካይ መጠን ከ26 ግሬይ ገደማ ካለፈ የማገገም ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ዕቅድ የሚያወጡት ባለሙያዎች የሚይዙት ግብ አንዱን ፓሮቲድ ከ20 በታች፣ ካልተቻለም ሁለቱንም ከ25 በታች ማድረግ ነው። ዕጢው እብጠቱ አጠገብ ከሆነ ግን ማንም ምራቅ ለማዳን ብሎ ካንሰሩን አያስቀርም፤ ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

መሣሪያው ልዩነት ያመጣል። ከግራና ከቀኝ ፊት ለፊት በሚሰጠው በቀድሞው የኮባልት (ጨረሩ ከኮባልት ብረት የሚወጣበት መሣሪያ) አሠራር ሁለቱም ፓሮቲዶች የጨረሩ መንገድ ላይ ናቸው፤ ማምለጫ የላቸውም። ጥቁር አንበሳ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል በነበረባቸው ብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረው በኮባልት ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ታክመው የዳኑ ሰዎች ድርቀታቸው ቢከብድ አይገርምም። ጨረሩን እየቀረጸ ከየአቅጣጫው የሚልከው አይኤምአርቲ የሚባለው አሠራር፣ በ2011 በታተመው ፓርስፖርት በተባለው የእንግሊዝ ጥናት፣ ከ12 ወር በኋላ መካከለኛና ከዚያ በላይ ድርቀት ያለባቸውን ከ74 በመቶ ወደ 38 በመቶ አውርዷል። ዜሮ አላደረገውም፣ ልብ በሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ምራቅ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጨረሩ ካለቀ በኋላ የሚመለስ ነገር ካለ ቀስ እያለ እስከ 2 ዓመት ሊሻሻል ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ድርቀት አብሮ እንደሚኖር ቆጥሮ መዘጋጀት ይሻላል።

ሕክምናው ሲያልቅ ሁለት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉ፦ የግራና የቀኝ ፓሮቲድ አማካይ መጠን ስንት ነው? የታችኛው መንጋጋ ያገኘው ከፍተኛ መጠንስ? ሁለተኛዋን ከዓመታት በኋላ ጥርስ ሐኪም ይፈልጋታል፤ ያኔ ካርዱን መፈለግ ሌላ ሕመም ነው።

ፋርማ_ቤት
መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ዕጢው ሙሉ በሙሉ ሞቷል ወይስ የቀረ ነገር አለው የሚለውን እወቁ። ቤት ውስጥ ግምት መውሰድ ይቻላል። ከምግብም ከውኃም አንድ ሰዓት ርቆ፣ ጭንቅላትን ደፋ አድርጎ፣ ሳይውጡና ሳይተፉ ምራቁ በራሱ ትንሽ ኩባያ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ይንጠባጠብ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳቡትና ለኩ፤ አረፋው አይቆጠርም። በጤነኛ ሰው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከ0.5 በታች ከሆነ በእርግጥም ምራቅ የለም። ከዚያ ስኳር የሌለው ማስቲካ እያኘኩ ለ5 ደቂቃ ድገሙት። መጠኑ ከጨመረ የሚሠራ ዕጢ ቀርቷል፤ ማስቲካም ዕጢ የሚቀሰቅስ መድኃኒትም ሊረዳ ይችላል። ጠብ ካላለ ግን ገንዘባችሁን ለአፍ ማለስለሻ ጄል አውሉት።

ዕጢ የሚቀሰቅሰው ዋናው መድኃኒት ፓይሎካርፒን ነው። በሐኪም ትእዛዝ 5 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ይጀመራል፤ ካልበቃና ታማሚው ከቻለው እስከ 10 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ሊደርስ ይችላል። በሁለት ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ከክትፎ በላይ አይዋጥ። የሚያስቸግረው ላብ ነው፤ አንዳንዱ ሸሚዝ እስኪቀይር ያልበዋል። የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ማቅለሽለሽም አለ። ማታ ማታ እይታን ሊያደበዝዝ ስለሚችል ሹፌሮች ይጠንቀቁ። ያልተቆጣጠሩት አስም ያለበት፣ ጠባብ አንግል የሚባለው የግላኮማ ዓይነት ያለበት፣ የዓይን አይሪስ ቁጣ ያለበት ሰው አይወስደውም። የልብ ሕመም ያለበትና ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ አይሞክረው።

ሌላው ሰው የሚረሳው ድርቀቱን የሚያባብሱ መድኃኒቶችን ነው። አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመም፣ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች (ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን)፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን፣ ሽንት የሚያበዛው ፍሮሰማይድ። የታማሚውን ክኒኖች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱና «ከዚህ ውስጥ የሚቀር ወይም የሚቀየር አለ?» በሉ። ከአዲስ መድኃኒት በፊት ይህ ይቀድማል። በራስ ፈቃድ ግን አይቋረጥም።

አስታማሚ_07
ፓይሎካርፒን ክኒን ፈልገን አጣን። የዓይን ጠብታውን አፍ ውስጥ ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ፋርማ_ቤት
መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ክኒን በማይገኝበት አገር አንዳንድ ሐኪሞች እንዲህ ያዝዛሉ። አደጋው ሒሳቡ ላይ ነው። ጠብታው በተለያየ ጥንካሬ ይሸጣል። 4 በመቶ የተጻፈበት በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም አለው፤ አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ 2 ሚሊ ግራም ይሆናል። 1 በመቶ የተጻፈበት ጠብታ ግን ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንዱ ጠርሙስ ሲያልቅ ሌላውን ጥንካሬ ገዝቶ በድሮው ቁጥር የሚጠቀም ሰው መጠኑን አራት እጥፍ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። የጠብታው ስፋትም ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በመቶኛውም የጠብታው ቁጥርም በሐኪም እጅ ካልተጻፈ አይሞከርም። ጎረቤት የነገራችሁ ቁጥር አይቆጠርም። የልብ ምት ከቀነሰ፣ ካዞረው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ወደ ሕክምና።

ድድ_ጠባቂ
እሺ፣ ጥርስ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

ምራቅ ሲጠፋ ጥርስ ከልማዱ ውጭ በሆነ ቦታ ይበሰብሳል። በተለምዶ የሚቦረቦረው የመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያው ላይ ወይም በሁለት ጥርስ መካከል ነው። ከጨረር በኋላ ግን ጥርሱ ከድድ በሚወጣበት አንገቱ ላይ ዙሪያውን፣ እንዲሁም በፊት ጥርሶች ጫፍ ላይ ይጀምራል፤ በታች ፊት ጥርሶች ላይ ጭምር፣ እነሱ በጤናው ጊዜ በምራቅ ስለሚታጠቡ ብዙም የማይነኩ ናቸው። አንገቱን ዞሮ ሲጨርስ ጥርሱ እንደ ተቆረጠ ግንድ ይሰበራል። ሳያሳምም በወራት ውስጥ እዚህ ሊደርስ ይችላል። የጥርስ ገጽ አፍ ውስጥ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ ኮላ 2.5 አካባቢ ነው። ምራቅ ያለው ሰው አሲዱን ቶሎ ያበርደዋል፤ ምራቅ የሌለው ለረጅም ጊዜ ይዞት ይቆያል።

የሚያድነው ፍሎራይድ ነው፤ በየቀኑ፣ ለዕድሜ ልክ። የሚመረጠው 1.1 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለው፣ አሲድ ያልሆነ ጄል ነው (5000 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ 5000ው ፍሎራይድ)። ጥርስ ሐኪም በታማሚው ጥርስ ልክ ለስላሳ ፕላስቲክ ማቀፊያ ይሠራል። ማታ ከተፋቀ በኋላ በማቀፊያው ውስጥ ስስ መስመር ጄል ይደረግና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጥርስ ላይ ይቆያል። ከዚያ ይተፋል፤ በውኃ አይጉመጠመጥም፤ ለ30 ደቂቃ ምንም አይበላም አይጠጣም። ማቀፊያው የጥርሱን አንገት አልፎ ድዱን ትንሽ ካልሸፈነ ዋጋ የለውም፣ ብስባሱ የሚጀምረው እዚያው ነውና። ማቀፊያ ማሠራት ካልተቻለ 5000 ፒፒኤም ያለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ። እሱም ከጠፋ ቱቦው ላይ 1450 ፒፒኤም የሚል ተራ ሳሙና ፈልጉ፤ ተፉት እንጂ አትታጠቡት። ከፍቀት በኋላ በኩባያ ውኃ መጉመጥመጥ ፍሎራይዱን ከነገንዘቡ መድፋት ነው።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለሆናችሁ አንድ ነገር፦ ልጅነት ላይ በጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የጠቆረ ወይም ቡናማ የሆነ ጥርስ «ፍሎራይድ ጠግቧል» ተብሎ አይተውም። ከጨረር በኋላ የሚጠቅመው ዛሬ ጥርሱ ገጽ ላይ የሚቀባው ነው።

ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። መፋቂያ ለጊዜው ይቀመጥ፤ በደረቀ ድድ ላይ እንጨቱ ይቧጭራል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። አረፋ የሚያበዛ ሳሙናና ኃይለኛ ሚንት የሚያቃጥል ከሆነ ቀለል ያለውን ቀይሩ።

ማስነቀል ላይ እልኸኛ ነኝ። ሊነቀል የሚገባው ጥርስ ጨረር ከመጀመሩ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ይነቀላል፣ ቁስሉ እንዲሽር። ከጨረር በኋላ በተለይ የታችኛው መንጋጋ ከ50 እስከ 60 ግሬይ ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ አጥንቱ ደም ስሩ ተጎድቷል፤ ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ሳይሽር አጥንቱ ሊሞትና ሊጋለጥ ይችላል። ይህ ከ10 ዓመት በኋላም ይሆናል፤ «አሁን እኮ ድኗል» አይሠራም። ስለዚህ ወደ ማንኛውም ጥርስ ሐኪም ሲኬድ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በፊት የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል «አንገቴ ላይ ጨረር ወስጃለሁ» ነው። ብዙ ጊዜ ከመንቀል ይልቅ ሥሩን አክሞ ማስቀረት ይቻላል።

ማድጋ
ወደ ማጀት እንግባ። ለአፍ ማለስለሻ ውድ ጄል ለማያገኝ ሰው ተልባ አለላችሁ። ቀልድ አይደለም፤ በስዊድን ከተልባ ፍሬ የተሠራ ሰው ሠራሽ ምራቅ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። የፍሬው ልሃጭ ከምራቅ ዝልግልግነት ጋር ይቀራረባል።

አሠራሩ፦ ያልተቆላና ያልተፈጨ ተልባ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፤ ተለቅሞና ታጥቦ። ግማሽ ሊትር ውኃ ላይ ጨምራችሁ በቀስታ እሳት 10 ደቂቃ ይንተክተክ፤ እያማሰላችሁ። በትኩሱ አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ እንደ ንፍጥ ይይዝና ከማጥለያው አያልፍም። ፈሳሹ የእንቁላል ነጭ መምሰል አለበት። ከወፈረ በፈላ ውኃ አቅጥኑት። በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን፤ ፍሪጅ ከሌለ በየቀኑ አዲስ። አንድ የሻይ ማንኪያ አፍ ውስጥ ይዞ በጉንጭና በምላስ ሥር ማዳረስ፣ ከዚያ መትፋት ወይም መዋጥ። ከምግብ በፊትና ከመኝታ በፊት በጣም ይጠቅማል።

ተቆልቶ የተፈጨው፣ በጾም የምንጠጣው ተልባ ሌላ ነገር ነው። ዱቄቱ በደረቀ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ ያስላል።

ምግቡ ላይ ዋናው መርህ መረቅ ነው። ደረቅ እንጀራ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ ፍትፍት ሆኖ፣ መረቁ በዝቶ፣ አልጫ ይሁን። በጣም የኮመጠጠ እንጀራ ያቃጥላል፤ አፍለኛ ይሻላል። ሽሮ ነጩን፣ ቀጠን ብሎ ፈሰስ ያለውን። በርበሬና ሚጥሚጣ እንደየሰዉ ከወራት በኋላ በቁንጥር ይመለሳሉ፤ መጀመሪያ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። ገንፎ ያለ ቅቤ እንደ ጭቃ ላንቃ ይይዛል፤ ቀጠን አድርጋችሁ ከቅቤ ጋር፣ በጾም ከዘይት ጋር። የአጃ አጥሚት፣ በወተት የበሰለ ቅንጬ፣ ለስላሳ የእንቁላል ፍርፍር፣ አቮካዶ ያለ ስኳር። በሶ ተበጥብጦ ይጠጣ እንጂ ጭብጦው አይሆንም፤ ደረቅ ዱቄት ወደ አየር ቧንቧ ይሄዳል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያው ግልጽ ነው። ቡና ላይ የሚቀርበው ፈንዲሻ ደግሞ ልጣጩ ድድ ሥር ገብቶ ቀናት ይቆያል።

ቡና ራሱ? ስኳር የሌለው አንድ ሁለት ስኒ አልከለክልም። ከእጣኑ ራቅ ብሎ መቀመጥ ግን ደግ ነው። ጫት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ራሱ አፍ ያደርቃል፤ ያንን ለማስታገስ ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይጠጣል።

ወለላ
ማድጋ፣ ተልባው ላይ አንድ ማንኪያ ማር ቢጨመርስ? ማር ለቁስል መድኃኒት ነው። ሎሚ ደግሞ ምራቅ ያመጣል።

ድድ_ጠባቂ
ወለላ፣ ሁለቱንም እቃወማለሁ። ማር ለቁስል ያለውን ጥቅም አልክድም፤ ግን በቀን አሥር ጊዜ አፍ ውስጥ በሚያዝ ፈሳሽ ላይ ማር መጨመር ጥርሱን ለባክቴሪያ ድግስ ማቅረብ ነው። የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ መሆኑ ነው። አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ከምግብ ጋር በአንዴ ከጠጡት፣ ያንኑ ብርጭቆ ቀኑን ሙሉ ፉት ከማለት ያነሰ ይጎዳል። ሎሚ ምራቅ የሚያመጣው ዕጢ ላለው ነው። ዕጢ ለሌለው አሲዱ ብቻ ይቀራል። በፋርማሲ ከሚሸጡ ሰው ሠራሽ ምራቆችም አንዳንዶቹ አሲድ አለባቸው፤ የራሱ ጥርስ ያለው ሰው ፒኤቹ ወደ 7 የቀረበውን ይጠይቅ።

ሌሊት_ተረኛ
የመጉመጥመጫውን ልክ ልጻፍ፣ በየቤቱ የተለያየ ስለሚሠራ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ፣ ከምግብ በኋላም፣ አንድ ጉንጭ ይዞ ግማሽ ደቂቃ ተጉመጥምጦ መትፋት። አይዋጥም፣ በተለይ ግፊት ያለበት። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ወፍራሙን ሙጫ መሰል ምራቅ የሚያላቅቀው ይሄ ነው። አፍ ከቆሰለና ጨው ካቃጠለ ጨውን ቀንሱ፣ ሶዳው ይቆይ።

ስሕተቱ የሚመጣው ከሱቅ ነው። ቤኪንግ ፓውደር እና ቤኪንግ ሶዳ አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድ ተቀላቅሏል። መለያው፦ ትንሽ ዱቄት ላይ ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጉ። በውኃ ብቻ በኃይል ከተንቸፈቸፈ ፓውደር ነው። ሎሚ ሲጨመርበት ብቻ በኃይል የሚንቸፈቸፈው ሶዳው ነው። አልኮል ያለው የአፍ ማጠቢያ በጭራሽ።

ፈንገስ፦ ከወትሮው በድንገት የባሰ ማቃጠል፣ ሲጠረግ የሚነሣና ሥሩ ቀይ የሆነ ነጭ ንጣፍ፣ የከንፈር ጥግ መሰንጠቅ። ነጭ ሳይኖረውም ምላስ ቀይና ለስላሳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኒስታቲን ነው፤ በሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ያለው ፈሳሽ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ። ከምግብ በኋላ አፍ ውስጥ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይያዝ፤ ወዲያው የሚውጠው ሰው አይድንም። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም 2 ቀን ይቀጥል። ክሎርሄክሲዲን ከሚባለው ጀርም ገዳይ የአፍ ማጠቢያ ጋር በአንድ ጊዜ ከተወሰደ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አራርቁ። ብዙው ኒስታቲን ስኳር አለበት። ሌላው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል ከታዘዘና ታማሚው ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ደም ሊፈስ ስለሚችል አስቀድሞ ይነገር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ማታ አውልቆ በተነገረው ማጽጃ ይዘፍዝፈው፤ አለዚያ ፈንገሱ ከጥርሱ ተመልሶ ይመጣል።

ሌሊት፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ይደርቃል። ገልፍ ላላችሁ ኤሲው ያንኑ ያደርጋል። የአየር ማርጠቢያ ካለ ውኃው በየቀኑ ይቀየር፣ ሻጋታ ይይዛልና። ከሌለ እርጥብ ፎጣ አልጋው አጠገብ ዘርጉ። ከመኝታ በፊት ጄሉን ወይም ተልባውን በምላስና በጉንጭ ውስጥ በጣት ቀቡ። ቅቤና ዘይት አፍ ውስጥ ይዞ መተኛት የሚመክሩ አሉ፤ ሲውጥ ትን የሚለው ሰው ይህን አያድርግ። ዘይት ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ገብቶ የማይለቅ የሳንባ ቁጣ ያመጣል።

ሜሪላንድ_ነኝ
አሜሪካ ላላችሁ፦ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ለተራ የጥርስ ሕክምና አይከፍልም፤ ግን ከ2024 ጀምሮ ከጭንቅላትና አንገት ካንሰር ሕክምና ጋር የተያያዘ የጥርስ ምርመራና የአፍ ኢንፌክሽን ማጥፋት ሽፋን አለው። ካንሰር ሐኪሙና ጥርስ ሐኪሙ መነጋገራቸው በጽሑፍ እንዲያዝ ጠይቁ። የፍሎራይድ ሳሙናው በሐኪም ማዘዣ ነው የሚሰጠው።

ማስቲካና ከረሜላ ስትገዙ ዛይሊቶል (ጥርስ የማያበሰብስ ማጣፈጫ) የሚለውን ምረጡ። ሲበዛ ሆድ ያላላል፤ በጥቂቱ ጀምሩ። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ደብቁት፤ ለውሻ መርዝ ነው።

አብዱ_ሐረር
ረመዳን እየመጣ ነው፣ የኛም የክርስቲያኖቹም ጾም እዚህ ላይ ያው ነው። ውኃ ሳይጠጣ እስከ ማታ የሚውል ሰው ምን ያድርግ?

ሌሊት_ተረኛ
ሕክምና ላይ ያለ፣ ክብደቱ የወረደ ወይም በቱቦ የሚመገብ ሰው መጾሙን ከሐኪሙ ጋር ይወስን፤ ለበሽተኛ ፈቃድ ስላለ ከኢማሙ ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። ሕክምናውን ከጨረሰ ቆይቶ ልጹም የሚል ሰው፣ ተጉመጥምጦ መትፋትን የሃይማኖት አባቱ ከፈቀዱለት በየ2 ሰዓቱ ያድርገው። ፓይሎካርፒን እያላበው ውኃ የማይጠጣ ሰው ግን ይደርቃል፤ የክኒኑ ሰዓት ከጾሙ በፊት በሐኪም ይስተካከል። ፍሎራይዱ ከሌሊቱ የመጨረሻ ምግብ በኋላ ቢሆን ይመቻል፤ ቀጥሎ የሚበላ የለማ።

ፋርማ_ቤት
የረሳሁት፦ ክኒን። ደረቅ አፍና ደረቅ ጉሮሮ ላይ ክኒን ይለጠፋል። ዶክሲሳይክሊንና ለአጥንት የሚሰጠው አለንድሮኔት ጉሮሮ ላይ ከቀሩ ያቆስላሉ፤ ቁጭ ብሎ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አለመተኛት። ምላስ ሥር የሚሟሟው የልብ ክኒን፣ ናይትሮግሊሰሪን፣ ምራቅ ከሌለ አይሟሟም፤ አስቀድሞ አንድ ጉንጭ ውኃ አፍ ማርጠብ ያስፈልጋል፣ ወይም በሐኪም ወደ ስፕሬይ ይቀየራል። የደረት ሕመም ሲመጣ ነው ይሄ የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ ጊዜ የለም።

አስታማሚ_07
ስለ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ና ስለ አኩፓንክቸር (በቀጭን መርፌ የሚሰጥ ሕክምና) ኢንተርኔት ላይ ብዙ ይባላል።

የጨረር_ክፍል
አኩፓንክቸር አንዳንዶችን ያግዛል፤ የባለሙያ ማኅበራት መመሪያዎችም ሊሞከር ይችላል ይላሉ። መርፌው ንጹሕ፣ ሠሪውም የሠለጠነ መሆኑን አረጋግጡ። ስቴም ሴልና የውኃ መተላለፊያ ጂን ወደ ዕጢው ማስገባት በጥናት ላይ ያሉ ናቸው። ክሊኒክ ከፍቶ በዶላር የሚሸጥላችሁን ሰው እለፉት።

ድድ_ጠባቂ
ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚኬድበትንም እንጻፍ፦ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ድድ ላይ የተጋለጠ አጥንት ወይም ሹል ነገር፣ አንገት ላይ አዲስ እብጠት፣ አፍ በየጊዜው እየጠበበ መሄድ (ሦስት ጣት በቁም ካልገባ)፣ በበላ ቁጥር ሳልና ትኩሳት። እነዚህ በተልባ አይታከሙም።

ማድጋ
ተልባው ላይ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ፦ የሾርባ ማንኪያው ልሙጥ ነው፣ ክምር አይደለም። ክምር ከሆነ ጠርሙሱን ገልብጣችሁም አይወርድ።